በጣሳና በተንጠልጣይ ቅርጫት የተተከሉ አበቦች ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳያቋርጡ እንዲያብቡ ስለ መመገብ

በከተማ አቅራቢያ በሚኖሩ ገበሬዎች ዘንድ፣ ይልቁንም በቤት እመቤቶችና በወጣቶች እጅ፣ አበባን በጣሳ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በማሰሮና በተንጠልጣይ ቅርጫት አሳድጎ ለገበያ ማቅረብ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ለዚህ ሥራ ሰፊ መሬት አያስፈልግም። የቤት ታዛ፣ ጥቂት ውኃና የማይሰለች ሰው ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። ነገር ግን ከብዙዎቻችሁ የምንሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። በመስከረም አበባው ጣሳውን ሸፍኖ ይታያል፤ ጥቅምት ሲያልቅ ይቀንሳል፤ በኅዳር ቅጠሉ ይገረጣል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ገዢ በሚመጣበት ጊዜ የሚታየው ረጅም ራቁት ግንድና በጫፉ የቀሩ ሁለት ሦስት አበቦች ብቻ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ጣሳ ማንም አይገዛም። ለወራት የተቀዳው ውኃና የተደከመው ድካም ሁሉ ገንዘብ ሊሆን በሚገባው ሰዓት ከንቱ ይቀራል።

ከእናንተ መካከል በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒት የገዛችሁ አላችሁ፤ ዘሩ ክፉ ነው ብላችሁ ሻጩን የተጣላችሁም አላችሁ። አልፎ አልፎ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ግን ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ተክሉ ተርቦ ነው።

በጣሳ ያለ ተክል ቶሎ የሚራብበት ምክንያት

በመስክ የተሰማራች ላምና በግቢ ታስራ የምትቀለብ ላም አንድ አይደሉም። የመስኳ ላም ሣሩ በአንድ በኩል ሲያልቅባት ወደ ሌላው ትሄዳለች። የታሰረችው ግን የምትበላው ሰው ያቀረበላትን ብቻ ነው፤ ባለቤትዋ ቢረሳት ትከሳለች። በማሳ የበቀለ ተክልም እንዲሁ ሥሩን ወደ ጎንና ወደ ታች እየሰደደ ምግቡን ይፈልጋል። በጣሳ የተተከለው ግን ሥሩ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጥሞ ዙሪያውን ይጠመጠማል እንጂ የሚሄድበት የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ነው። ጣሳው ቶሎ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ ውኃ ታጠጣላችሁ። ውኃው በጣሳው ግርጌ በተበሳው ቀዳዳ ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ የሟሟውን ምግብ፣ በተለይም ናይትሮጂኑንና ፖታሲየሙን፣ ይዞ ይወርዳል። ከጣሳ ሥር የሚንጠባጠበውን ቡናማ ውኃ አይታችሁ እንደሆነ እርሱ አጥባችሁ የጣላችሁት የተክሉ ቀለብ ነው። ይህ ማለት ግን ቀዳዳውን ድፈኑት ማለት አይደለም። ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ሥሩን ያበሰብሳል። ውኃ ማጠጣት ግድ ስለሆነ፣ የወጣውን ምግብ መተካትም ግድ ነው ማለታችን ነው።

ተንጠልጣይ ቅርጫት ከሁሉ ይብሳል። አፈሩ ጥቂት ነው፤ ነፋስ ከታችም ከጎንም ያገኘዋል፤ በበጋ በየቀኑ፣ በቆላማ ቦታ አንዳንዴ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠይቃል። ስለዚህ መሬት ላይ ከተቀመጠው ጣሳ ቀድሞ የሚራበው የተንጠለጠለው ነው።

ተክሉ የሚበላው ምንድን ነው

ተክል ብዙ ዓይነት ምግብ ይወስዳል። በብዛት የሚፈልጋቸው ግን ሦስት ናቸው። ናይትሮጂን ቅጠልንና ግንድን ያሳድጋል። ፎስፎረስ ለሥርና ለእንቡጥ ይረዳል። ፖታሲየም ግንዱን ያጠነክራል፤ ድርቅንና ብርድን እንዲችል ያደርገዋል፤ አበባውም እንዲያምር ያግዛል። ከእርሻ መደብር በምትገዙት ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው ተጽፈው ብታዩ፣ በዚሁ ተራ የናይትሮጂንን፣ የፎስፎረስንና የፖታሲየምን መጠን ከመቶ የሚያመለክቱ ናቸው።

በቤታችሁ ለጤፍና ለስንዴ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን እንመልከት። ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጂን ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ኤን ፒ ኤስ 19 እጅ ናይትሮጂን፣ 38 እጅ የፎስፎረስ ምግብና 7 እጅ ድኝ ይዟል። ሁለቱንም ብትደምሩ ፖታሲየም የሚባል ነገር አታገኙም። በማሳ ላይ ይህ ጉድለት ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ አፈሩ ከራሱ ይሰጣልና። በየቀኑ በሚታጠብ ጣሳ ውስጥ ግን ይታያል። የጎደለውን ከየት እንደምታመጡት ወደ ታች እንነግራችኋለን፤ ከምድጃችሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ናይትሮጂን የበዛበት አበባ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ አበባ ግን አይሰጥም። ጎረቤት መጥቶ «እንዴት ያማረ ተክል ነው!» ይላል። ለጎመን ቢሆን ምስጋናው በተገባ ነበር። እናንተ ግን የምትሸጡት አበባ ነውና ይህ ኪሣራ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን አዘጋጁ

ጥቁር ዋልካ አፈር ብቻውን ለጣሳ አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ሥሩን ይበጥሳል። ለችግኝ ጣቢያ የተለመደው ድብልቅ ለዚህም ያገለግላል፤ ይኸውም ሦስት እጅ ቀይ ወይም ለም የሆነ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ለተንጠልጣይ ቅርጫት ክብደቱ እንዲቀንስ ብስባሹን አንድ እጅ ጨምራችሁ አሸዋውን ግማሽ አድርጉ፤ የራሰ ቅርጫት ገመድ በጥሶ ሰው ራስ ላይ መውደቁ የሚታወቅ ነው።

የበሰለ ፍግ ስንል ትኩስ እበት ወይም ከበረት በዚያው ቀን የተዛቀ አዛባ ማለታችን አይደለም። ትኩሱ በጣሳ ውስጥ ሲብላላ ይሞቃል፤ ሥርም ያቃጥላል። ፍጉ ጥቁር የሆነ፣ በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈርና የእበት ሳይሆን የዝናብ አፈር የሚሸት መሆን አለበት። የዶሮ ኩስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ኃይለኛ ነውና ወራት ሳይከርም ወደ ጣሳ አይግባ።

ይህን ድብልቅ የሠራ ሰው ከተከለ በኋላ እስከ አራት ሳምንት ድረስ ሌላ ምግብ መስጠት አያስፈልገውም። ብስባሹ ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሰው ይህን የመጀመሪያውን ቀለብ ለዓመት የሚበቃ አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው።

አመጋገቡ

የጣሳ አበባ ሕግ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ሳያቋርጡ መስጠት ነው። በወር አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየ10 ቀኑ ጥቂት መስጠት ይሻላል። ብዙ ስትሰጡ ግማሹ በቀዳዳው ይወጣል፤ የቀረውም ሥሩን ያቃጥላል።

ፍግ ያላችሁ የፍግ ውኃ አዘጋጁ። የበሰለውን የከብት ፍግ በአሮጌ ጨርቅ ወይም በአሮጌ ማዳበሪያ ቋጥሩት። (ባገራችን ባዶው ከረጢት ራሱ «ማዳበሪያ» ስለሚባል ስንጽፍ ያስቸግረናል፤ እዚህ የምንለው ከረጢቱን ነው።) የቋጠራችሁት የአንድ ባልዲ ሩብ ያህል ሲሆን ለ20 ሊትር ውኃ ይበቃል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ክዳን አድርጉበት፤ ዝንብ እንዳይራባበት። በየቀኑ በዱላ አማስሉት። በሳምንቱ ቋጠሮውን አውጡ። የወጣው ውኃ ጥቁር ነው፤ እንደዚያው ለአበባ አይሰጥም። አንድ ጆግ ከዚህ ላይ ሦስት ጆግ ንጹሕ ውኃ ጨምራችሁ የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ አቅጥኑት። የዶሮ ኩስ ከሆነ አንዱን ጆግ በ10 ጆግ አቅጥኑ። አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፤ ከሥራው በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የፍግ ውኃ ሦስቱንም ምግቦችና ሌሎች ጥቃቅን ምግቦችን ስለያዘ፣ ሽታውን ለሚችል ሰው ከሁሉ የሚመረጥ ነው።

ፍግ የሌላችሁ ወይም ሽታው በገዢ ፊት የሚያሳፍራችሁ በኤን ፒ ኤስና በዩሪያ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። ልኩ ይህ ነው። በ10 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ኤን ፒ ኤስና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ትጨምራላችሁ። ማንኪያው በቢላ ጀርባ የተደለደለ ይሁን፤ የተቆለለ አይሁን። የኤን ፒ ኤስ ፍሬ ቶሎ ስለማይሟሟ ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፉትና ጧት አማስላችሁ ተጠቀሙ። በግርጌው ጥቂት ዝቃጭ ቢቀር አይጎዳም። ዳፕ ያለውም ሰው በኤን ፒ ኤስ ፋንታ በዚሁ ልክ ይጠቀም። አምስት ሊትር አፈር ለሚይዝ ጣሳ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ አንዱ ባልዲ 20 ጣሳ ይመግባል።

ወጪው ያስፈራችሁ እንደሆነ አብረን እንቁጠረው። የሻይ ማንኪያው ኤን ፒ ኤስ አምስት ግራም ያህል፣ ግማሹ ዩሪያ ሁለት ግራም ያህል ይመዝናል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ዘጠኝ ወር ነው። በወር ሦስት ጊዜ ብትሰጡ 27 ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ 20 ጣሳ አበባ በሙሉው ወራት የሚበላው ሁለቱም ማዳበሪያ ተደምሮ 200 ግራም አይሞላም። ከ50 ኪሎው ከረጢት ይህ ቢጎድል ጤፉ አያውቀውም። እንግዲህ «ለማሳዬ የገዛሁትን በአበባ ላይ አልጨርስም» የሚለው ምክንያት አይሠራም ማለት ነው።

ማዳበሪያ ደረቁን በጣሳ ስለ መጨመር

ይህን ክፍል የምጽፈው በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ጄራኒየማቸው እንደገረጣ ነግረውኝ «ትንሽ ዩሪያ ጣል ያድርጉበት» ብዬ መክሬአቸው ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ 12 ጣሳ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደ እሳት ተለብልቦ፣ ግንዱ ተጠውልጎ አገኘሁት። ለእርሳቸው «ትንሽ» ማለት በማሳ ላይ ከሚበተነው እፍኝ ያነሰ ቁንጥር ነበር፤ በየጣሳው አንድ አንድ ቁንጥር። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም፤ ልክ ሳልነግር «ትንሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሳልጠራ ማዳበሪያ አልጠራም።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ማዳበሪያ ጨው ነው። በጥቂት አፈር ውስጥ ሲበዛ ውኃ ወደ ሥሩ በመግባት ፈንታ ከሥሩ ወደ አፈሩ ይሳባል፤ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ውኃ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ተክሉ በእርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ በጥማት ይሞታል። ስለዚህ ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ ደረቁን በጣሳ ውስጥ አታድርጉ። የተሟሟውንም ቢሆን በደረቀ አፈር ላይ አታፍስሱ፤ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ አጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ከዚያ መግቡ። ጊዜው ጧት ይሁን። በቀትር ፀሐይ አትመግቡ፤ የጠወለገውንም ተክል «አበረታዋለሁ» ብላችሁ አትመግቡት። የጠወለገ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይበላም።

ከበዛ በኋላ መድኃኒቱ ውኃ ነው። ጣሳውን ጥላ ሥር አድርጋችሁ በቀዳዳው እስኪወርድ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ለሦስት ሳምንትም ምንም ምግብ አትስጡ። ቶሎ የተደረሰለት ይድናል። ያላጠፋችሁም ብትሆኑ በወር አንድ ጊዜ እንደዚሁ ማጠብ መልካም ነው። በአፈሩ ፊት ወይም በጣሳው ከንፈር ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ ጊዜው አልፎባችኋል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህኛው ከአበባ ይከብዳል። ዩሪያ የተበጠበጠበትን ባልዲ በግቢ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አትሂዱ። የተጠማ ከብት ቢጠጣው ይመረዛል፤ ይሞትማል። የዩሪያ ከረጢትም ቢሆን ከብት ጨው መስሎት ይልሰዋል። የተረፈውን ውኃ ወደ ጎመን መደብ አፍስሱት፤ ባልዲውን እጠቡና ድፉት፤ ከሕፃናትም አርቁ።

ስለ ዐመድና ስለ ቡና አተላ

ፖታሲየሙ ከምድጃ ይመጣል ብለን ነበር። የእንጨት ዐመድ ፖታሲየምና ኖራነት ያለው ምግብ አለው፤ ናይትሮጂን ግን የለውም፤ በእሳቱ ሄዷል። የተነፋ ዐመድ ለአምስት ሊትር ጣሳ በወር አንድ የሻይ ማንኪያ በአፈሩ ፊት ነስንሳችሁ በእጅ ጫር ጫር አድርጋችሁ ውኃ አጠጡት። ከዚህ አታሳልፉ። ዐመድ በበዛ ቁጥር የአፈሩን ኮምጣጣነት አጥፍቶ ብረት የተባለውን ምግብ ከተክሉ ይይዝበታል። ፕላስቲክ የተቃጠለበት ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የነደደበት ዐመድ ለዚህ አይሆንም።

ዐመድና ዩሪያ፣ ወይም ዐመድና የፍግ ውኃ በአንድ ዕቃ አይቀላቀሉ። ብትቀላቅሉ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ይሸታችኋል፤ ያ ሽታ ናይትሮጂኑ ወደ አየር ሲሄድ ነው። በገንዘብ የገዛችሁትን በነፋስ መበተን ነው። ዩሪያ በሰጣችሁ በሳምንቱ ዐመዱን ስጡ፤ ይራራቁ።

የቡና አተላ ነገርም ሳይነሣ አይቀርም። በብዙ ቤት አቦልና ቶና ተጠጥቶ በረካው ካለቀ በኋላ በጀበናው የቀረው አተላ በር ላይ ባለው ጄራኒየም ሥር ይደፋል። ጥቂቱ አይጎዳም። በየቀኑ ሲደፋ ግን በአፈሩ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ውኃ አያሰርግም፤ ይሻግታልም። አተላውን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ጣሉት፤ እዚያ ሲበሰብስ ጥሩ ምግብ ይሆናል። ስኳር የገባበትን ወይም የጠላ አተላ በጣሳ መድፋት ጉንዳንና ዝንብ መጥራት ነው።

ሁሉም አበባ እኩል አይበላም

ፔቱኒያ በሊታ ናት። ያለማቋረጥ ታብባለች፣ ያለማቋረጥም ትጠይቃለች፤ በቅርጫት ከሆነች በየ10 ቀኑ ሳይሆን በየሳምንቱ ስጧት። ጄራኒየም መጠነኛ ነው፤ በየ10 ቀኑ ይበቃዋል፤ ይልቁንም ከአንዱ ውኃ እስከ ሌላው አፈሩ ከላይ ደረቅ ቢል ይወዳል። ኢምፔሸንስ የምትሉት፣ እጅና እግር የሚሞቅበት የእንሶስላ ዘመድ፣ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል እንጂ ብዙ ምግብ አይፈልግም፤ ልኩን በግማሽ አድርጉለት። ማሪጎልድም ጥቂት ይበቃዋል። ናስተርሺየም የሚባለውን የተከላችሁ ግን ጨርሶ ተዉት፤ ደኻ አፈር ላይ ያብባል፣ በተመገበ ቁጥር ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ቅጠሉን ማንበብ ልመዱ። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ መልክ ከገረጡ የጎደለው ናይትሮጂን ነው። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ የፖታሲየም ማነስ ወይም የጨው መብዛት ነው፤ ነጩን ዱቄት ፈልጋችሁ ለዩ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አላገኘም፤ ብዙ ጊዜ ዐመድ ያበዛ ሰው ቤት የሚታይ ነው፤ ዐመዱን አቁማችሁ በፍግ ውኃ ብቻ ቀጥሉ። ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ መልክ ከዞረ ፎስፎረስ አንሶታል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ በደጋ አገር ብርድ ብቻውን ይህን ያደርጋልና አትቸኩሉ። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ውርጭ በሚወርድባቸው ቦታዎች ማታ ማታ ጣሳውን ወደ ታዛ ማስገባት ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

ምግብ ብቻውን አያስብብም

የተክል ሐሳብ ዘር ማፍራት ነው። አበባው ረግፎ ዘር መያዝ ሲጀምር ተክሉ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ እንቡጥ ማውጣቱን ይተዋል። ስለዚህ የጠወለገውን አበባ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ልቀሙ። የጄራኒየምን አበባ ሳይሆን የአበባውን ዘንግ ከሥሩ ስበሩት፤ በጣት ወደ ታች ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህን ሥራ ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ቀላል ሥራ ነው፣ ግን በደንብ ተመግቦ አበባ የነፈገውን ተክል ሁሉ ስትመረምሩ ብዙ ጊዜ ያልተለቀመ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ፔቱኒያ በጥር አካባቢ ረዝማ ራቁቷን ስትቀር አትጣሏት። ግንዱን በግማሽ ቁረጡ፣ እጠቡ፣ በሳምንቱ መግቡ። ልብ የሚያስጨንቅ ቁረጣ ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ታብባለች። ሁሉንም ጣሳ በአንድ ቀን አትቁረጡ፤ ገበያ የምታቀርቡት እንዳታጡ በሁለት ወይም በሦስት ተራ ክፈሉት። ለፋሲካ ገበያ የምታስቡትን ከበዓሉ አምስት ሳምንት አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ተንጠልጣይ ቅርጫት ፈጽሞ ደርቆ ካገኛችሁት ከላይ የምታፈሱት ውኃ በጎኑ ይወርዳል እንጂ ወደ መካከሉ አይገባም። አውርዱትና በሳፋ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። መድረቁን ለማወቅ ከታች በእጅ ከፍ አድርጎ መመዘን ይበቃል፤ እጅ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል።

ለገዢ ስታቀርቡ

ከመሸጡ በፊት ባለው ሳምንት ምግብ አቁሙና ንጹሕ ውኃ ብቻ ስጡ፤ ከገዢው ቤት ሄዶ ቢረሳ እንኳ ጨው አያቃጥለውም። ሙሉ በሙሉ ካበበው ይልቅ ግማሹ እንቡጥ የሆነውን ለገዢው ምረጡለት፤ ቤቱ ሲያብብለት ደስ ይለዋል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሲገዛችሁም በየስንት ቀኑ ውኃ፣ በየስንት ቀኑ ምግብ እንደሚፈልግ በቃል ንገሩት። «የሸጣችሁልኝ አበባ በወሩ ሞተ» ብሎ በሰፈር የሚያወራ ሰው ከአንድ ጣሳ ዋጋ የበለጠ ያስከፍላችኋል።

ክረምት ሲገባ

በሰኔ ዝናብ ሲበረታ በደጅ ያለው ጣሳ በሰማይ ውኃ ይታጠባል፤ ፀሐይም ስለምትቀንስ ተክሉ ብዙ አይበላም። ወደ ታዛ አስገቡትና ምግቡን በወር አንድ ጊዜ አድርጉት፤ ልኩንም በግማሽ ቀንሱ። ወራቱን የጨረሱትን ዓመታዊ አበቦች ነቅላችሁ አሮጌውን አፈር ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ወይም ወደ ጎመን መደብ መልሱት። ያንኑ አፈር ብቻውን ለመስከረም አትጠቀሙበት፤ ደክሟል፣ በውስጡም በሽታ ሊከርም ይችላል።

ጄራኒየም ግን አይጣልም። በሰኔ ጤነኛውን ቅርንጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከአንጓው ሥር ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠልና እንቡጡን ሁሉ ግፈፉ፤ ቁስሉ እንዲደርቅ ግማሽ ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና በእርጥብ አሸዋ ትከሉት። ከታዛ ሥር፣ ዝናብ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። አሸዋው ይረጥብ እንጂ አይጨቅይ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ምንም ዓይነት ማዳበሪያ አይነካው። ሥር ሲይዝ ከላይ ወደ ተነገረው የአፈር ድብልቅ አዛውሩት፤ የመጀመሪያውን ምግብ፣ በግማሽ ልክ፣ በነሐሴ አጋማሽ ስጡት።